«11፡00» ሲሉህ 11 ሰዓት ማለታቸው አይደለም፦ ስለ ፋንታሲ ኢሜይል

ጥያቄው የመጣው ከሀዋሳ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ። ለማያውቀው፦ ፋንታሲ ማለት ከሊጉ እውነተኛ ተጫዋቾች የራስህን ቡድን መርጠህ፣ እነሱ ሜዳ ላይ በሠሩት ነጥብ የምትሰበስብበት የኢንተርኔት ጨዋታ ነው፤ ዴድላይን ደግሞ በየሳምንቱ ቡድንህን መቀየር የምትችልበት የመጨረሻው ሰዓት።

«ፒያሳ አካባቢ ሞባይል እጠግናለሁ። ከጓደኞቼ ጋር 18 ሆነን የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲ እንጫወታለን፤ በየወሩ 100 ብር እናዋጣለን። አምና 16ኛ ወጣሁ። አንድ ጓደኛዬ ‹ስለሚቀጥለው ሳምንት ጨዋታ በኢሜይል የሚልኩ አሉ፣ ተመዝገብ› ሲለኝ ሁለት ቦታ ተመዘገብኩ። አንዱ ጭራሽ መጥቶልኝ አያውቅም። ሌላው ይመጣል፣ ግን ዘግይቶ ነው፤ ሰዓቱም ይዋሻል። ቅዳሜ ‹ዴድላይን 11፡00› ይላል፣ እኔ በ10 ሰዓት ሥራ ጨርሼ ስገባ ተዘግቷል። ሁለት ቅዳሜ እንደዚህ ሆንኩ። ከተመዘገብኩ ወዲህ ደግሞ የውርርድ ማስታወቂያ እየጎረፈብኝ ነው። አሁን በወር 5 ዶላር ክፈልና ትክክለኛውን መረጃ ውሰድ የሚል መጣልኝ። ፓስወርድህን ከሰጠኸን ቡድንህን እኛው እናስተካክልልሃለን የሚልም አለ። ልክፈል ወይስ ሁሉንም ልተወው?»

አትክፈል። ፓስወርድህንም ለማንም አትስጥ። ሁለቱንም እመለስባቸዋለሁ። መጀመሪያ ግን ያንን ኢሜይል ከሐሜት ላውጣው፤ ሰዓቱ አልዋሸም። ሁለት ቅዳሜ ያበላሸብህ፣ ሰውየው በለንደን ሰዓት የጻፈውን አንተ በሀበሻ ሰዓት ማንበብህ ነው።

የፋንታሲው ዴድላይን በየሳምንቱ የመጀመሪያው ጨዋታ ከመጀመሩ 90 ደቂቃ በፊት ነው። ቅዳሜ የሚቀድመው ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ በለንደን ሰዓት 12፡30 ይጀምራል። 90 ደቂቃ ቀንስ፣ 11፡00 ይመጣል። ይህ ለለንደን ሰው ረፋድ ነው፤ ገና ቁርሱን እየበላ ይሆናል። አንተ ደግሞ 11፡00 ስታይ የታየህ የእኛው 11 ሰዓት ነው፤ ፀሐይ ወደ ሐይቁ ስታዘቀዝቅ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ሰው መውጣት ሲጀምር። የእነሱ 11፡00 ግን በእኛ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። በእነሱ ክረምት (ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው) ደግሞ 8 ሰዓት። አንተ በ10 ሰዓት ስትገባ በሩ ከተዘጋ ሁለት ሦስት ሰዓት ሆኖታል።

ለምን አንዴ 7፣ አንዴ 8? እንግሊዞች በዓመት ሁለቴ ሰዓታቸውን ያንቀሳቅሳሉ። በኦክቶበር የመጨረሻው እሑድ (በእኛ ጥቅምት አጋማሽ) አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሳሉ። በማርች የመጨረሻው እሑድ (በእኛ መጋቢት አጋማሽ) ደግሞ አንድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፋሉ። እኛ ባለንበት ነን። ስለዚህ በእነሱ በጋ ከለንደን በሁለት ሰዓት እንቀድማለን፣ በክረምታቸው በሦስት።

ስሌቱ ቀላል ነው። የለንደኑን ሰዓት በ24 አቆጣጠር ያዝ። በበጋቸው 4 ቀንስ፣ በክረምታቸው 3 ቀንስ። ውጤቱ ከ12 ከበለጠ 12 ጣልለት። የሚቀርህ የሀበሻ ሰዓት ነው። 11 ሲቀነስ 4፣ 7 ሰዓት። ዓርብ ማታ በለንደን 20፡00 የሚጀምር ጨዋታ ካለ ዴድላይኑ 18፡30 ነው፤ 4 ስትቀንስ 14፡30፣ 12 ስትጥል ምሽት 2፡30። በክረምታቸው ምሽት 3፡30። ይህን በአንዲት ወረቀት ጽፈህ የጥገና ጠረጴዛህ ላይ ለጥፈው። ስታየው ስታየው ወደ ጭንቅላትህ ይገባል።

የጥቅምቱ ለውጥ ይምራል፤ ዴድላይኑ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ ቀድመህ ብትገባ ምንም አትሆንም። የመጋቢቱ ግን አይምርም፤ 8 ሰዓት የለመድከው ድንገት 7 ይሆናል። ያውም አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ሰሞን የብሔራዊ ቡድኖች ጨዋታ ስላለ ሊጉ ያርፋል፤ ሰው ፋንታሲውን ረስቶ ነው የሚመለሰው። እኔ ራሴ በዚህ ተበልቻለሁ። ኢሜይል በጅምላ የሚላክበትን ሥርዓት ማስተዳደር ሥራዬ ነው፣ ስለ ሰዓት ልዩነት ለሌላው ሰው አስተምራለሁ። እንደዚያም ሆኖ አንድ ቅዳሜ 7፡30 ላይ ቡናዬን ይዤ ቁጭ ብዬ ገጹን ስከፍት ተዘግቷል። ካፒቴኔ (ነጥቡ በእጥፍ የሚቆጠርልኝ ተጫዋች) ጉዳት ላይ ያለ ሰው ነበር። ምክትሉ ደግሞ ቢጫ አይቶ በ60ኛው ደቂቃ ተቀየረ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ያውም ካንተው ሙያ። ስንቱ ደንበኛ ነው ስልኩን ሲረከብ «ሰዓቱን በሀበሻ አድርግልኝ» የሚልህ? አውቶማቲኩን ታጠፋና ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ትመልስለታለህ። የራስህም ስልክ እንደዚያ ከሆነ ችግርህ እጥፍ ነው። የፋንታሲው ገጽ ዴድላይኑን ስልክህ ወዳለበት የሰዓት ክልል ቀይሮ ነው የሚያሳይህ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር 13፡00 ይልሃል። ስልክህ አናት ላይ ግን 7፡00 ይላል። «ገና ስድስት ሰዓት አለኝ» ብለህ ወደ ሥራህ ትመለሳለህ፤ እውነቱ ግን አንድም ደቂቃ የለህም። ኢሜይሉም ሲደርስ የተላከበት ሰዓት ከስልክህ ስድስት ሰዓት ቀድሞ ይታይና ከነገ የመጣ ይመስላል። ስለዚህ አውቶማቲክ ሰዓቱን አብራው። የሀበሻ ሰዓት ማየት ከፈለግህ ለእሱ የተሠሩ የሰዓት መተግበሪያዎች አሉ፤ ከፊት ለፊት ታስቀምጠዋለህ። የስልኩን ዋና ሰዓት ግን አታጣምመው።

ሁለት ሳምንት «ተበላሸብኝ» ያልከውም ያን ያህል የከፋ አይደለም። ዴድላይን ካለፈህ ቡድንህ ዜሮ አያገኝም። ያለፈው ሳምንት ቡድንህ ከነካፒቴኑ ይቀጥላል። የማይሰለፍ ተጫዋች ካለ ከተጠባባቂዎችህ አንዱ ይገባለታል። ያልተጠቀምክበት ነጻ ዝውውር (ያለ ቅጣት የሚፈቀድልህ የተጫዋች ለውጥ) ደግሞ ይጠራቀማል፤ ከ2024/25 ጀምሮ እስከ አምስት ድረስ መያዝ ይቻላል። ከነጻው በላይ ለሚደረግ ለእያንዳንዱ ዝውውር ግን 4 ነጥብ ይቀነሳል። እንደ እኔ ግምት አምና 16ኛ ያስወጣህ ዴድላይን ሳይሆን ይቺ 4 ነጥብ ናት። የዓመቱን ታሪክህን ክፈትና ስንት ጊዜ እንደከፈልክ ቁጠር። አሥር ጊዜ ከሆነ 40 ነጥብ በገዛ እጅህ ጥለሃል ማለት ነው።

ወደ ጠፋው ኢሜይል እንምጣ። አንድ ኒውስሌተር (በየጊዜው በኢሜይል የሚላክ ጽሑፍ) ላይ አድራሻህን ሞልተህ ስትልክ ብዙ ጊዜ ምዝገባው ገና አላለቀም። ወዲያው «አድራሻው ያንተ መሆኑን አረጋግጥ» የሚል አጭር ኢሜይል ይላክልሃል። እሱ ውስጥ ያለውን ካልነካህ ዝርዝሩ ውስጥ አልገባህም። ሌላ ሰው ባንተ ስም እንዳያስመዘግብህ ተብሎ የተደረገ ነው፤ ጥሩ ነገር ነው። ችግሩ ያ አጭር ኢሜይል ስፓም (የማይፈለጉ መልእክቶች ሳጥን) ውስጥ ይወድቃል። ጂሜይል ደግሞ ስፓም ውስጥ ያለውን ከ30 ቀን በኋላ ያጠፋዋል። አንተ ከተመዘገብክ ወር ካለፈህ ፍለጋው ከንቱ ነው፤ እንደገና ተመዝገብና ወዲያውኑ ስፓሙን ክፈተው። አድራሻህን ስትሞላም ፊደል በፊደል እየው። አንዲት ፊደል ከተሳሳትክ የአንተን ኒውስሌተር የማታውቀው ሰው እያነበበልህ ነው፣ ወይ ማንም አያነበውም።

ሌላኛው «ዘግይቶ ይመጣል» ያልከው ግን የዘገየ አይመስለኝም። ጂሜይል የጅምላ መልእክቶችን ለይቶ «ፕሮሞሽንስ» ወደሚለው ክፍል ይወስዳቸዋል። እዚያ ለገባ መልእክት ስልክህ አይጮህም፤ ማሳወቂያ የሚሰጥህ ለዋናው ሳጥን ነው። ስለዚህ ኢሜይሉ ሐሙስ ማታ ደርሶ፣ አንተ ቅዳሜ ስትከፍተው «አሁን መጣ» ትላለህ። ዳታም አለ። የቀን ፓኬጅ ጠዋት ገዝተህ ማታ የምታጠፋ ከሆነ ኢሜይሉ ጂሜይል ዘንድ ተቀምጦ ይጠብቅሃል፤ ስልክህ የሚያወርደው ዳታ ስትከፍት ነው። ጥርጣሬህን ለማጥራት መልእክቱን ክፈትና ከላኪው ስም ሥር ያለውን ዝርዝር ተጫን። የተላከበት ቀንና ሰዓት እዚያ አለ። በእርግጥም ቅዳሜ ረፋድ የሚልክ ሆኖ ካገኘኸው ተወው፤ ለቅዳሜ ዴድላይን ቅዳሜ የሚልክ ሰው ለራሱ ነው የሚጽፈው።

ማስተካከያው የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ኢሜይሉን ከፕሮሞሽንስ ወደ ዋናው ሳጥን አዛውረው፤ ወደፊትም እንደዚያ ይሁን ወይ ብሎ ሲጠይቅህ አዎ በለው። የላኪውን አድራሻ ከስልክ ቁጥሮችህ ጋር መዝግበው። ኮምፒውተር ካገኘህ ደግሞ ማጣሪያ ሠርተህ «ወደ ስፓም በፍጹም አትላከው» የሚለውን ምረጥ። ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም ስፓም ውስጥ ከወደቀ ጥፋቱ የላኪው ነው። ኢሜይል በእርግጥ ከዚያ ሰው መምጣቱን የሚያረጋግጡ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ የሚባሉ ማረጋገጫዎች አሉ፤ ላኪው በራሱ በኩል ነው የሚያስተካክላቸው። ትርፍ ጊዜውን ተጠቅሞ የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ አይሞላቸውም። ሀዋሳ ሆነህ የምታስተካክለው ነገር ስላልሆነ ሌላ ፈልግ።

ምስል የሚበዛበት ኢሜይል ዳታ ይበላል። ጂሜይል ላይ የውጭ ምስሎችን ከማሳየቱ በፊት እንዲጠይቅህ ማድረግ ትችላለህ። ይህ ሌላም ጥቅም አለው። ብዙዎቹ ኒውስሌተሮች ውስጥ ለዓይን የማትታይ ነጠላ ነጥብ የምታህል ምስል ትቀመጣለች። እሷ ስትጫን ላኪው መልእክቱን መክፈትህን ያውቃል። በእኛ ሙያ የተለመደ ነው፣ ወንጀልም አይደለም፤ ግን ማወቁ አይከፋም።

አሁን ዋናው ጥያቄ፤ ኒውስሌተሩ ምን ይጠቅማል? እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው። ኒውስሌተር አሸናፊ አያደርግህም። አስታውሰው እንጂ፣ አንተን ጨምሮ መቶ ሺህ ሰው ያንኑ ምክር ያነባል። ሁላችሁም አንድ ተጫዋች ካስገባችሁ ማንም ማንንም አልበለጠም። «ሃላንድን ካፒቴን አድርግ» ለማለት ደግሞ ኢሜይል አያስፈልግም፤ አቶቴ ዲኤስቲቪ ቤት በር ላይ የቆመ ሊስትሮም ይነግርሃል።

የምክር ክፍሉ ሌላም ችግር አለበት፤ ይሻግታል። ረቡዕ ተጽፎ ሐሙስ የሚላክ ኢሜይል አሰልጣኞቹ መግለጫ ከመስጠታቸው በፊት የተጻፈ ነው። ለቅዳሜ ጨዋታ አሰልጣኞች የሚናገሩት ብዙውን ጊዜ ሐሙስና ዓርብ ነው። «ጡንቻው ትንሽ ይዞታል፣ እናየዋለን» የምትለዋ ቃል ዓርብ ትወጣና የረቡዑ ምክር ዋጋ ያጣል። ትክክለኛው አሰላለፍ ደግሞ የሚወጣው ዴድላይኑ ካለፈ በኋላ ነው፤ ጨዋታው የተሠራው እንደዚያ ነው። ስለዚህ ማንም ኒውስሌተር፣ የሚከፈልበትም ቢሆን፣ ማን እንደሚሰለፍ በእርግጠኝነት ሊነግርህ አይችልም። እነግርሃለሁ ካለህ ይገምታል። አለዚያም ይዋሻል።

የማይሻግተው ክፍል መርሐ ግብሩ ነው። ጥሩ ኒውስሌተር የሚቀጥሉትን አምስት ስድስት ሳምንታት ጨዋታዎች ደርድሮ፣ የትኛው ቡድን ቀላል ተከታታይ ጨዋታ እንዳለው፣ የትኛው ከባድ እንደሚጠብቀው ያሳይሃል። ከዚያ በላይ የሚጠቅመው ደብልና ብላንክ ሲመጣ ነው። የዋንጫ ጨዋታዎች የሊጉን ቀን ሲይዙበት አንዳንድ ቡድኖች በአንድ ሳምንት ምንም አይጫወቱም፤ የተላለፈው ጨዋታ ሌላ ሳምንት ላይ ይደረብና ያኔ ሁለቴ ይጫወታሉ። ዋይልድካርድ፣ ፍሪ ሂት፣ ቤንች ቡስትና ትሪፕል ካፒቴን የሚባሉት፣ በዓመት ለጥቂት ጊዜ ብቻ የምትጠቀምባቸው ልዩ ካርዶች ዋጋ የሚያወጡት በዚያን ጊዜ ነው። ይህን ከአንድ ወር በፊት የሚነግርህ ኒውስሌተር ካገኘህ ሌላው ሁሉ ቢቀርብህ ምንም አይደለም። አንተ ካርዶችህን ቀድመህ ጨርሰህ፣ በጸደይ ባዶ እጅህን የቀረህ ሰው ትመስለኛለህ። ከተሳሳትኩ ይቅርታ።

ሁለተኛው የማይሻግት ነገር የመጀመሪያው ጨዋታ ቀን ነው። ሁሉም ሳምንት ቅዳሜ አይጀምርም። ዓርብ የሚጀምር አለ፤ ማክሰኞ ማታ የሚጀምርም አለ። ኢሜይሉን ስትከፍት መጀመሪያ ይህቺን መስመር ፈልግ። ከዚያ የቀረውን ብታነበውም ባታነበውም ችግር የለውም።

አሮጌ ምክርም ተጠንቀቅ። በ2025/26 ሕጉ ተቀይሯል። ተከላካይ በአንድ ጨዋታ ኳስ በማራቅ፣ በመሸፈን፣ በማቋረጥና በመንጠቅ ድምሩ 10 ከሞላ 2 ነጥብ ያገኛል፤ ለአማካይና ለአጥቂ ኳስ ማስመለስም ተጨምሮ 12 ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈው «ተከላካይ ላይ ገንዘብ አታውጣ» የሚለው ምክር ዛሬም እየተቀዳ ይላካል። የተጫዋች መግዣው 100 ሚሊዮን ፓውንድ ያው ነው፣ 15ቱ ተጫዋቾችም፣ ከአንድ ክለብ ከሦስት በላይ አለመውሰዱም። የተከላካይ ጥቅም ግን ተለውጧል ማለት ነው፤ ድሮ የማትነካቸው የመሐል ተከላካዮች አሁን በየሳምንቱ ነጥብ ይለቅማሉ።

የውርርዱ ነገር። አብዛኛው ነጻ ኒውስሌተር ነጻ የሆነው ሌላ ሰው ስለሚከፍልለት ነው። ከፋዩ ብዙ ጊዜ አወራራጅ ድርጅት ነው። በኢሜይሉ ውስጥ ባለው መስመር ገብተህ ብትመዘገብ ላኪው ኮሚሽን ያገኛል። ለዚህ ነው ስለ መጪው ጨዋታ የሚያወራው ጽሑፍ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ «ይህንን ውጤት ብትገምት» የሚለው። አንዳንዶቹ ደግሞ ስትመዘገብ ያላየሃት ትንሽ ሳጥን ላይ ምልክት አድርገው «ለአጋሮቻችንም ያካፍሉ» ያስብሉሃል። የጎረፈብህ በዚያ በኩል ይሆናል። ፋንታሲው ራሱ ነጻ ነው፤ «ለመመዝገብ ክፈል» የሚል ካለ ከሊጉ የመጣ አይደለም። እናንተ 18ታችሁ የምታዋጡት 100 ብር የራሳችሁ ጉዳይ ነው። ብቻ እሱንም ከውርርድ ኢሜይሉ ጋር አታዛምደው፤ የመጀመሪያው መጨረሻ አለው፣ ሁለተኛው የለውም።

ከእነዚህ ለመውጣት ሁለት መንገድ አለ፣ አታምታታቸው። አውቀህ የተመዘገብክበትን ከሆነ ከታች ወይም ከላኪው ስም አጠገብ ያለውን «አንሰብስክራይብ» (ምዝገባዬን ሰርዝ) ተጫን። በፈረንጆች 2024 ጉግልና ያሁ በጅምላ ኢሜይል የሚልኩ ሁሉ በአንድ ንክኪ መውጫ እንዲያስቀምጡ፣ ጥያቄውንም በሁለት ቀን ውስጥ እንዲፈጽሙ አስገድደዋል። ስለዚህ ትልልቆቹ ይታዘዛሉ። በሕይወትህ ሰምተኸው የማታውቀው ላኪ ከሆነ ግን ውስጡ ያለውን ምንም ነገር አትንካ፤ «ስፓም ነው» ብለህ ሪፖርት አድርግ። አንሰብስክራይብ የሚለውን መጫን ለእንደነዚህ ዓይነቶቹ «ይህ አድራሻ ሰው አለው» ብሎ መንገር ነው። የግል መረጃን የሚጠብቅ አዋጅ በእኛ 2016 ዓ.ም. ወጥቶልናል፣ ቁጥር 1321። ውጭ አገር ቁጭ ብሎ የሚልክብህን ሰው ግን ከሀዋሳ ተነስተህ አታሳድደውም። መድኃኒቱ ስፓም ሪፖርቱ ነው።

ከዚህ በኋላ ስትመዘገብ አንዲት ብልሃት ተጠቀም። ጂሜይል ከሆነ ከ@ ምልክቱ በፊት ስምህን ጽፈህ የመደመር ምልክትና አንድ ቃል ጨምርበት፤ ለምሳሌ የኒውስሌተሩን ስም። መልእክቱ ያው አንተው ሳጥን ውስጥ ይገባል። ግን በዚያ አድራሻ የውርርድ ማስታወቂያ ከመጣ ማን አሳልፎ እንደሰጠህ በግልጽ ታያለህ።

ስለ ክፍያው። 5 ዶላሩን የሚከፍል ካርድ ከሌለህ፣ መጨረሻው «ውጭ ያለ ዘመድ ይክፈልልኝ» ነው የሚሆነው። እነዚህ ክፍያዎች በየወሩ ራሳቸውን ያድሳሉ። አንተ ረስተኸው የዘመድህ ካርድ ላይ ስድስት ወር ይቆረጣል፤ ያኔ የሚበላሸው ፋንታሲው አይደለም። በገንዘቡ የምታገኘው ደግሞ ብዙ ጊዜ የበለጡ ሰንጠረዦችና የግምት ቁጥሮች ናቸው። ለሚያጠና ሰው ይጠቅማሉ። በ10 ሰዓት ሥራ ጨርሶ ወደ ቤቱ ለሚሮጥ ሰው አይጠቅሙም። 18 ሰው ባለበት ሊግ ውስጥ ደግሞ ዴድላይን የማይረሳና 4 ነጥብ የማይጥል ሰው ብዙውን ጊዜ ከላይኛው ግማሽ አይወርድም። ያ ደግሞ በነጻ ነው።

ስለ ፓስወርዱ ብዙ አልልም። ማንኛውም ጤነኛ አገልግሎት ቡድንህን ለማየት የሚፈልገው የቡድንህን ቁጥር ብቻ ነው፤ እሱ ቁጥር ለማንም የተገለጠ ስለሆነ ብትሰጠው አትጎዳም። ፓስወርድ የጠየቀህ ግን ፋንታሲህን አይደለም የሚፈልገው። ሰው አንዱን ፓስወርድ አምስት ቦታ እንደሚጠቀም ያውቃል፤ ጂሜይልህ ላይ ይሞክረዋል። ጂሜይልህ ከተከፈተ ደግሞ የሌላው ሁሉ ፓስወርድ መቀየሪያ እዚያው ነው የሚላከው። ከሰጠህ ቆይተህም ከሆነ ዛሬውኑ ሁለቱንም ቀይር፣ ጂሜይሉ ላይም ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብራ።

እኔ ብሆን የማደርገው ይኼ ነው። አንድ ነጻ ኒውስሌተር ብቻ እይዛለሁ፤ መርሐ ግብር የሚያሳይና ከዓርብ በፊት የሚደርስ። ሁለተኛውን እተወዋለሁ፤ ሁለት ኒውስሌተር ሁለት የሚጋጭ ምክር ነው። ቅዳሜ ሥራ ላይ ስለሆንክ የራስህ ዴድላይን ዓርብ ማታ ከራት በኋላ ይሁን፤ ዓርብ የሚጀምር ሳምንት ከሆነ ሐሙስ ማታ። በዚያን ሰዓት ኢሜይሉን አንብብ፣ ከዚያ ገጹን ክፈትና የተጫዋቾችህን ምልክት ተመልከት። ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ከሆነ የመሰለፍ ዕድሉ 75፣ 50 ወይም 25 በመቶ ተብሎ ተጽፏል፤ ቀይ ከሆነ አይጠበቅም። 25 እና ቀይ ካለህ ቀይር፣ 75 ከሆነ ተወው። 50 ላይ ተጠባባቂህ የሚጫወት ሰው መሆኑን ብቻ አረጋግጥ። ካፒቴንህ ምልክት ካለበት ግን አትደራደር፤ ክንድ ማሰሪያውን ለሌላ ስጥ።

ከዚያ ቅዳሜ 6 ሰዓት ተኩል ላይ (በስልኩ 12፡30) አላርም ሙላ። ምሳ ልትወጣ ስትል አንዴ ገልጠህ ቀይ የሆነ ካለ ትቀይራለህ፣ ከሌለ ትዘጋዋለህ። በእነሱ ክረምት ከዴድላይኑ በፊት አንድ ሰዓት ተኩል ይኖርሃል፣ በበጋቸው ግማሽ ሰዓት። አላርሙን ዓመቱን ሙሉ አትነካካው። ከመሙላትህ በፊት ግን ያንን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የተመለሰ የስልክ ሰዓት ወደ ቦታው መልሰው፤ አለዚያ አላርሙ የሚጮኸው ማታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይሆናል።